እሜቴ መቼ ትሩጥ?

«ለበቅሎ ነው ያሰባችኋት?» አለኝ አባቴ፣ ባዝራ መግዛታችንን በስልክ የነገርኩት ቀን።

ሳቅሁ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም። አባቴ ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር የሚኖር፣ ዕድሜውን ሙሉ ፈረስ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሱን በጥልፍና በዘርፍ አስጊጦ ከአገው ፈረሰኞች ጋር ሜዳ ይወርዳል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሰኞችና ፈረሶቻቸውን ለማሰብ ነበርና አባቴ ስለ ፈረስ ሲያወራ ድምፁ ትንሽ ይከብዳል። ባዝራ ግን ሌላ ነገር ናት። እኔ ባደግሁበት ቤት ባዝራ እህል ትሸከማለች፣ ታረግዛለች፣ ትወልዳለች። ከተመረጠ ወንድ አህያ ጋር ከተገናኘች በቅሎ ትሰጣለች፤ ገበያ ላይ ደግሞ ጥሩ በቅሎ ፈረስን በዋጋ ታስንቃለች። የባዝራ ዕቅድ ይኸው ነው፤ ወረቀት አያስፈልገውም።

«አይ አባባ፣ ለእሽቅድምድም ነው።»

ጥቂት ዝም አለ። ከኋላው ዶሮ ሲጮህ ይሰማኛል። «እንግዲህ የሰው አገር ነገር» አለና ስለ ዝናቡ ያወራኝ ጀመር።

ስለ ባለቤትነቴ ብዙ እንዳታስቡ። የባዝራይቱ ባለቤቶች አሥራ አንድ ነን፤ የእኔ ድርሻ ከመቶ አምስት እጅ ነው። ልጄ አስልታ «አንድ ጆሮና የጭራዋ ጫፍ ያንተ ነው» ብላኛለች። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ስነዳ፣ በዋሽንግተንና በባልቲሞር መካከል ወዳለው ሎረል ፓርክ ወደሚባል የፈረስ መሮጫ የማመላልሳቸው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። እሳቸው ናቸው ያስገቡኝ። «ፈረስ ከሚያውቅ አገር የመጣህ ሰው ነህ» አሉኝ፤ እኔም አላስተባበልኩም። እውነቱን ለመናገር ከአሥራ ሰባት ዓመቴ ወዲህ ኮርቻ ላይ ወጥቼ አላውቅም ነበር።

የገዛናት የአንድ ዓመት ግልገል ሳለች ቲሞንየም ከሚገኘው የፈረስ ጨረታ ነው። ለአሰልጣኟ በቀን መቶ ዶላር ገደማ ይከፈላል። ሐኪሙ፣ ሰኮና የሚያበጀው ባለሙያ፣ ኢንሹራንሱ ሲደመር ከእኔ ኪስ በወር ወደ 200 ዶላር ይወጣል። ባለቤቴ ይህንን ወጪ በቤታችን ሒሳብ ደብተር ላይ «ሣር» በሚል ርዕስ ነው የምትመዘግበው።

ዳማ ናት። ግንባሯ ላይ አውራ ጣት የምታህል ነጭ ነጥብ አለቻት፤ የግራ የኋላ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ነጭ ነው። ከፊት ለፊት ሲያዩዋት ቀጭን ናት፤ ከጎን ሲያዩዋት ግን ደረቷ ጥልቅ ነው፤ ልብና ሳንባ እንደ ልብ የሚቀመጥበት ደረት። የተመዘገበችበት ስም ሌላ ነው። በዚህ አገር የእሽቅድምድም ፈረስ ስም ክፍት ቦታው ሳይቀር ተቆጥሮ ከ18 ፊደል መብለጥ የለበትም፤ አሥራ አንድ ባለቤቶች ደግሞ በአንድ ስም ለመስማማት አርባ ስም ይጥላሉ። በጋጡ ውስጥ ግን እሜቴ ናት። ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ገና ግልገል ሆና አንገቷን ቀና አድርጋ ስታየን «እሜቴ ምን ይታዘዝ?» ብዬ ቀለድኩ፣ በዚያው ቀረ። ጓቲማላዊው ተንከባካቢዋ ቴውን አጥብቆ ነው የሚጠራው። በእኛ አገር ሰው በፈረሱ ይጠራ ነበር፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ተብለው። እዚህ ፈረሱ ነው በባለቤቱ ምኞት የሚጠራው።

ዕቅዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም። ሁለት ዓመት በሞላት በጸደይ ወር፣ አሰልጣኟ «ይህች ልጅ ትሮጣለች» ያለች ቀን ማታ ኮምፒውተሬን ከፍቼ ሠንጠረዥ ሠራሁ። የጀመርኩትም ከታች ነው። ከታች፣ በሚቀጥለው ዓመት የሜይ ወር የመጀመሪያው ዓርብ ላይ «ኬንታኪ ኦክስ» ብዬ ጻፍኩ። ከ1875 ጀምሮ (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኬንታኪ ውስጥ ቸርችል ዳውንስ በሚባለው መሮጫ የሚካሄድ፣ ሦስት ዓመት የሞላቸው ባዝራዎች ብቻ የሚሮጡበት፣ ርቀቱ 1,800 ሜትር ገደማ የሆነ ውድድር ነው። ላሸነፈችው አንገቷ ላይ የሊሊ አበባ ይጣልላታል። ሦስት ዓመት የሚሞላት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛ ዕድል የለም። ከዚያ በላይ ለኦክስ መግቢያ ነጥብ የሚሰበሰብባቸውን የአሜሪካ ክረምት ውድድሮች ደረደርኩ። ከዚያ በላይ ኦክቶበር ላይ ሜሪላንድ ሚሊየን፤ ታዋቂው የስፖርት ጋዜጠኛ ጂም ማኬይ አስቦት በ1986 የተጀመረ፣ አባታቸው በሜሪላንድ የሚያራባ ፈረስ ለሆነ ብቻ የተዘጋጀ ቀን ነው፤ የእሜቴ አባት ደግሞ እዚሁ ነው ያለው። ከሁሉም በላይ፣ ኦገስት መጨረሻ ላይ፣ አሸንፈው የማያውቁ የሚሮጡበት የመጀመሪያዋ ውድድር። ዳር ላይ በቢጫ ቀለም ብላክ አይድ ሱዛንን አስቀመጥኩ፤ ፕሪክነስ ከሚባለው ታላቅ ውድድር በፊት ባለው ዓርብ የሚሮጠውን የባዝራዎች ውድድር። ኦክስ ቢያቅታት መጽናኛ እንዲሆን።

አስተውሉ፤ ባዝራይቱ ገና አንድም ጊዜ አልተወዳደረችም።

ሠንጠረዡ ያልያዘው አንድ ነገር ነበር። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ የእሽቅድምድም ፈረስ ሁሉ ልደቱ ጃንዋሪ 1 ነው። ጃንዋሪ 3 ቀን የተወለደውም፣ ሜይ ላይ የተወለደውም በአንድ ሌሊት አብረው አንድ ዓመት ይሞላቸዋል። እሜቴ የተወለደችው በኤፕሪል መጨረሻ ነው። ወረቀት ላይ እኩዮቿ ከሚባሉት አንዳንዶቹ ከእርሷ ሦስት አራት ወር ይበልጧታል። በሁለት ዓመት ግልገል ላይ አራት ወር ብዙ ነው፤ የአንደኛ ክፍል ተማሪን ከሦስተኛ ክፍል ጋር አሰልፎ እንደማሯሯጥ ነው።

ጁላይ አጋማሽ ላይ አንድ ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ ሎረል ነበርኩ። በዚያ ሰዓት ሜዳው ደስ ይለኛል። ጭጋጉ መሬት ላይ ተኝቶ እግራቸው አይታይም፤ የሚሰማው የኮቴና የትንፋሽ ድምፅ ብቻ ነው። እሜቴ 800 ሜትር በፍጥነት እንድትሄድ ታዞ ነበር። በ48 ሰከንድ ከምናምን ጨረሰችው፤ ለእርሷ ዕድሜ ጥሩ ነው። ጋላቢዋ እየሳቀ ወረደ። እኔ በልቤ ሊሊውን አንገቷ ላይ ጣልኩ።

በማግስቱ አሰልጣኟ ደወለች። ሄድኩ። ጋጡ ደጃፍ ላይ በርከክ ብላ የእሜቴን የፊት እግር ይዛ ነበር። በአውራ ጣቷ ከጉልበቱ በታች ያለውን የቅልጥም አጥንት ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለች ተጫነችው። መሃሉ ላይ ስትደርስ እሜቴ እግሯን ሳብ አደረገች። ትንሽ ናት፤ ዝንብ ያረፈባት ያህል። አሰልጣኟ እንደገና ተጫነችው፣ እንደገና ሳበች። «እጅህን አምጣ» አለችኝ። ዳሰስኩት። ሞቅ ይላል። ሌላኛውን እግር ዳሰስኩ፣ ቀዝቃዛ ነው። ሌላ ምንም አልነበረም፤ አላበጠም፣ አላነከሰችም። በሩቅ የሚያያት ሰው ምንም አይታየውም።

ይህ በወጣት ፈረሶች ላይ የተለመደ ነገር ነው። ፈጥኖ በሚሮጥ ፈረስ ላይ የቅልጥሙ አጥንት የፊት ገጽ ይታመቃል፤ አጥንቱም ጫናውን ለመቋቋም ራሱን እያደሰ ይወፍራል። ፍጥነቱ ከእድሳቱ ከቀደመ ያመዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። «ፈረስን በሁለት ዓመቱ ማሯሯጥ ግፍ ነው» የሚለው ወገን፣ ጋጥ ውስጥ ቆሞ የከረመ ፈረስ አጥንቱ እንደማይጠነክር ይረሳል፤ አጥንት የሚጠነክረው በመጠኑ ሲፈተን ነው፣ አጭርና ፈጣን ግልቢያም ያስፈልገዋል። «ዝም ብላችሁ ግፉ፣ ሁሉንም ያማቸዋል፣ ያልፋል» የሚለው ወገን ደግሞ ሐኪሙ በራጅ የሚያየውን አያይም። ከጉልበቷ በላይ ያለው አጥንት የሚያድግበት መስመር ገና ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ነበር። በዘሯ ይህ መስመር የሚዘጋው ሁለት ዓመትና ሁለት ዓመት ተኩል አካባቢ ነው፤ በዚህ ላይ ጃንዋሪ 1 ምንም ሥልጣን የለውም።

ማታ ሁላችንም በስልክ ተሰበሰብን። አሰልጣኟ ሁለት መንገድ አስቀመጠች። አንደኛው፣ ሁለት ሳምንት ቀለል አድርጎ፣ እያቀዘቀዙና እያሹ፣ ለኦክቶበር ማድረስ። «ይቻላል» አለች፤ አልዋሸችንም። ሁለተኛው፣ ቢያንስ ስልሳ ቀን ወደ እርሻ ልኮ ሜዳ ላይ መልቀቅ። ያ ማለት ኦገስት የለም፣ ሜሪላንድ ሚሊየን የለም፣ የክረምቱ ነጥብ የለም፣ ኦክስም ከነአበባው የለም።

እኔ ለመጀመሪያው ድምፅ ሰጠሁ።

ይህንን የምጽፈው አምኜበት ስለነበር አይደለም። ለኦክቶበሩ ቀን ስምንት ሰው ጋብዤ ነበር። የአጎቴ ልጅ ከአትላንታ ትኬት ቆርጣ ነበር። ሠንጠረዡም አለ፤ አንድ ጊዜ ከተሠራ በኋላ ሠንጠረዥ የራሱ ጉልበት ያገኛል፣ አንዷን ሣጥን መሰረዝ ሁሉንም መናድ ይሆናል። ከባልደረቦቻችን አንዱ ደግሞ ሦስተኛ መንገድ አመጣ፦ ካልሆነ ዋጋ ወጥቶላት ትሩጥ፣ ባይሆን ትሸጣለች። በእንዲህ ያለው ውድድር የተመዘገበ ፈረስ ሁሉ የተወሰነ ዋጋ አለው፤ ከውድድሩ በፊት ገንዘቡን አስይዞ ወረቀት የጣለ ሰው ፈረሱን ይወስዳል። በአሜሪካ እጅግ የበዛው ውድድር እንዲህ ያለው ነው። በአንድ እጅ ልጓሟን ይዘህ ገብተህ ባዶ ልጓም ይዘህ ትወጣለህ። ሰውየው ይህንን ሲል ቆዳዬ ላይ አንድ ነገር ሄደ፤ ያም ሆኖ ድምፄን አልቀየርኩም።

ከዚያ ሽማግሌው፣ የድሮ ደንበኛዬ፣ ተናገሩ። እሳቸው ጁላይ 6 ቀን 1975 ኒው ዮርክ፣ ቤልሞንት ፓርክ የፈረስ መሮጫ ነበሩ። ሩፊያን የተባለችው ባዝራ የዚያን ዓመት የኬንታኪ ደርቢ አሸናፊ ከሆነው ፉሊሽ ፕሌዠር ጋር አንድ ለአንድ የሮጠችበት ቀን ነው። ሩፊያን እስከዚያ ቀን 10 ጊዜ ተወዳድራ 10 ጊዜ ያሸነፈች፣ የሜሪላንድ ተወላጅ በሆነው ፍራንክ ዋይትሊ የሠለጠነች ጠቆር ያለች ባዝራ ነበረች። እየመራች ሳለ የቀኝ የፊት እግሯ ተሰበረ። ሌሊቱን ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፤ ከማደንዘዣው ስትነቃ ግን ተኝታ እየሮጠች ያለች ይመስል እግሮቿን ስታወራጭ ጀሶውን ሰባበረችው። ከዚያ በኋላ ማስተኛት ብቻ ቀረ። «አምሳ ሺህ ሰው ዝም ሲል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» አሉ ሽማግሌው። ሌላ ነገር አልጨመሩም።

ስድስት ለአምስት ሆነ፤ ኦክቶበር አሸነፈ። እኔ ከስድስቱ አንዱ ነኝ።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ አባቴ ጋ ደወልኩ፤ እሱ ጋ ረፋድ ነበር። የማማክረው መስሎኝ ሳይሆን እንዲያጽናናኝ ነው። ስለ ቅልጥሙ ነገርኩት። «በየትኛው የእጅህ ገጽ ነው የዳሰስከው?» አለኝ። በመዳፌ አልኩት። «መዳፍ ሥራ የለመደ ነው፣ ይዋሻል። በእጅህ ጀርባ ዳስስ። በማለዳ፣ ሳትንቀሳቀስ።» ከዚያ ስለ ሽልማቱ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ቢያሸንፉም እኮ ያ ሁሉ ገንዘብ ለአሥራ አንድ ሰው ምንድን ነው?» አለ፤ እውነቱን ነው። እኔም ሞኝ ላለመምሰል ትልቁን ሥዕል ላስረዳው ጀመርኩ። ዋናው የውድድሩ ሽልማት አይደለም አባባ፣ አልኩት። በጨረታ ካታሎግ ላይ፣ በከፍተኛ ውድድር ያሸነፈች ባዝራ ስሟ በወፍራም ጥቁር ፊደል ይታተማል። ሦስተኛ ብትወጣ እንኳ ደምቆ ይጻፋል። ያ ጥቁር ፊደል የልጆቿን ዋጋ ያወጣል። ቤተር ዛን ኦነር ስለምትባለው ባዝራ ነገርኩት፤ ልጇ ጃዚል በ2006 የቤልሞንትን ውድድር አሸነፈ፣ በዓመቱ ልጇ ራግስ ቱ ሪችስ ወንዶቹን ሁሉ ቀድማ ያንኑ ውድድር አሸነፈች፣ ከ1905 ወዲህ ባዝራ አሸንፋው አታውቅም ነበር፤ እናትየዋ በ2008 በ14 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች። ለሮጠችው አይደለም፣ ለማሕፀኗ ነው።

አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ታዲያ ለበቅሎ ነው ወይ ስልህ ምን አሳቀህ?»

አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ሰውየው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ትክክል ነበር። ሠንጠረዤ የሚያልቀው ሜይ ላይ ነው፤ የባዝራ ሕይወት ግን የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በ2009 ኦክስን ከ20 ፈረስ ርዝመት በላይ ቀድማ ያሸነፈችው፣ በሁለት ሳምንቱ ደግሞ ወንዶቹን በፕሪክነስ የረታችው ሬቸል አሌክሳንድራ እንኳ ከሁለት ልጅ በላይ አልወለደችም፤ ሁለተኛውን ስትወልድ ከሞት ነው የተረፈችው፣ ባለቤቶቿም ከዚያ ወዲያ አናስረግዛትም አሉ። እኔ ደግሞ ገና በሁለት ዓመቷ፣ ለአንዲት ቅዳሜ ስል፣ የሃያ ዓመት ዕድሜ ያላትን እንስሳ በአንድ ሞቅ ባለ ቅልጥም ላይ አስይዣታለሁ።

የእኛይቱ ካታሎግ ምን እንደሚል ታውቃላችሁ? እናትየው አምስት ጊዜ ተወዳድራ አላሸነፈችም። የእናትየው ወንድም ግን አሸናፊ ነው፣ በጥቁር ፊደል። ገጹን መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ብቻዬን ነው የሳቅሁት፤ «በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» የሚለውን ለአሥሩ ባልደረቦቼ እንዴት ብዬ ላስረዳ? አጎት ብቻ ላላት ባዝራ ደግሞ የራሷ ስም መድመቁ ከማንም ይልቅ ያስፈልጋታል። ለዚያም ጤነኛ አራት እግር።

በማግስቱ በማለዳ ሄጄ በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ይሞቃል። ከመኪና ማቆሚያው ሳልወጣ ለሁሉም መልእክት ላክሁ፤ ድምፄን ቀይሬያለሁ አልኩ። ሰው በስድስት ለአምስት ያሸነፈ ድምፅ ሲገለበጥ ደስ አይለውም፤ አንዱ ባልደረባችን እስከ ዛሬ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ነው የሚመልሰው። የአጎቴ ልጅ ትኬቷን ልትመልስ ብትሞክር ግማሹን ገንዘብ ብቻ ሰጧት። እሜቴ በሳምንቱ ከባልቲሞር በስተሰሜን ወዳለ እርሻ ተጫነች።

ኦክቶበር ላይ፣ የሜሪላንድ ሚሊየን ዕለት፣ ሎረል አልሄድኩም። እርሻው ሄድኩ። ከሁለት ያረጁ ባዝራዎች ጋር ተለቃ ነበር። ሆዷ ሣር ሞልቶት ክብ ሆኗል፣ ጋማዋ ላይ ጭቃ ደርቆበታል፤ ማንም ሊሊ አያስብላትም። ጉሮሮዋን ዳበስኳት። ከዚያ ስልኬን አውጥቼ በምስል አባቴ ጋ ደወልኩ።

«ዝቅ አድርገው» አለኝ። ዝቅ አደረግሁት። «እግሯን።» እግሯን አሳየሁት። «የኋላውን። ዙር፣ ዙር። በጎን።» ለሩብ ሰዓት ያህል ሸቀጥ እንደሚመረምር ነጋዴ አዞረኝ። ባዝራይቱ ሰለቻትና ወደ አሮጊቶቹ በሶምሶማ ሄደች፤ እሱም ቀጥ ብላ ስትሄድ እያየ ዝም አለ።

«ወገቧ መልካም ነው» አለ በመጨረሻ። ከአባቴ አፍ ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ታዲያ ወደ ሩጫው መቼ ትመለሳለች?»

«አሰልጣኟ ከገና በኋላ እናያለን ብላለች።»

«የትኛው ገና? የእነሱ ወይስ የእኛ?»

አልጠየቅኋትም።